የመዳን ዋጋ በስንት ዓመት ይሰላል? የልጆች ሊምፎማ ሕክምና ከስታንፎርድ እስከ ካምፓላ

በ1960ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንገቱ ላይ ንፍፊት አብጦበት ሐኪም ዘንድ የቀረበ የአሥር ዓመት ልጅ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚጠብቀው የሚወስነው በሽታው ብቻ አልነበረም። ልጁ ካሊፎርኒያ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተገኘ እንደሆነ፣ ሐኪሞች ሆዱን ከፍተው፣ ጣፊያውን አውጥተው፣ በሽታው የት ድረስ እንደተዛመተ ካረጋገጡ በኋላ ከአገጩ ሥር ጀምሮ ሰፊውን የሰውነቱን ክፍል በከፍተኛ መጠን ጨረር ያክሙታል። ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል የተገኘ እንደሆነ ግን ከፊሎቹ በደም ሥር የሚሰጡ፣ ከፊሎቹ የሚዋጡ አራት መድኃኒቶችን ለወራት ይወስዳል፤ ጨረር አያገኝም። በጊዜው በኡጋንዳ የጨረር ሕክምና መሣሪያ አልነበረምና።

የሁለቱ ልጆች በሽታ አንድ ነው፤ ሆጅኪን ሊምፎማ ይባላል። ሊምፎማ ሰውነትን ከበሽታ ከሚከላከሉት የነጭ ደም ሴሎች የሚነሣ የካንሰር ቤተሰብ ሲሆን፣ ሆጅኪን ከዚህ ቤተሰብ በልጆችና በወጣቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ነው። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች በዚህ በሽታ ከተያዙ መቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። የድሉ ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው የኃይለኛ መሣሪያዎችና የአዳዲስ መድኃኒቶች ታሪክ ሆኖ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ታሪክ አለ። እርሱም የሒሳብ አያያዝ ታሪክ ነው። በጨረርና በኬሞቴራፒ መካከል የተደረገውን ምርጫ በብርቱ የወሰነው ሐኪሞች ውጤታቸውን ለስንት ዓመት እንደቆጠሩ ነበር። ቆጠራው አምስት ዓመት ላይ ሲቆም ጨረሩ አሸነፈ፤ ወደ ሠላሳ ዓመት ሲዘረጋ ፍርዱ ተቀየረ።

ጨረር ያመጣው ተስፋ

የለንደኑ ሐኪም ቶማስ ሆጅኪን የንፍፊትና የጣፊያ እብጠት ያለባቸውን ጥቂት ሕሙማን በጽሑፍ የገለጸው በ1832 ነው። ከዚያ በኋላ ለሰባ ዓመታት ያህል በሽታው ስም እንጂ መድኃኒት አልነበረውም። ራጅ በ1895 ከተገኘ በኋላ ዊልያም ፑሲ የተባለ የቺካጎ ሐኪም በ1902 የሆጅኪን ሕሙማንን በጨረር ማከሙን ዘገበ። ያበጠው ንፍፊት እንደ ሰም ቀለጠ፤ ከወራት በኋላ ግን ተመልሶ መጣ። ይህ ደስታና ኀዘን ለአንድ ትውልድ ሲፈራረቅ ኖረ።

ለውጡ የመጣው በመጀመሪያ ከመሣሪያ ሳይሆን ከአስተውሎት ነበር። የጄኔቫው ሐኪም ሬኔ ዢልቤር በሽታው ከአንዱ የንፍፊት ስብስብ ወደ ጎረቤቱ እንደሚሻገር ተረድቶ፣ ያበጠውን ብቻ ሳይሆን ጤነኛ የሚመስለውን አጎራባች ስፍራም ማከም ጀመረ። ቶሮንቶ የነበረችው ካናዳዊት ሐኪም ቬራ ፒተርስ ደግሞ የአሮጌ ሕሙማንን ፋይሎች አንድ በአንድ አገላብጣ በ1950 ሕክምናን የቀየረ ጽሑፍ አወጣች። በጨረር ከታከሙት ሕሙማን 51 ከመቶ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ 35 ከመቶ ደግሞ ከዐሥር ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። የማይድን ይባል የነበረ በሽታ፣ በጊዜ ከተደረሰበት፣ የሚድን መሆኑ ታወቀ። የተጠቀመችበት መረጃ ሁሉ ቀድሞም በሆስፒታሉ መደርደሪያ ላይ የነበረ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ሰው ተቀምጦ መቁጠሩ ነበር።

ሄንሪ ካፕላን ይህን ተስፋ ወደ ሥርዓት ለወጠው። ካፕላን ከፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ጊንዝተን ጋር በመተባበር ያሠራው ሊኒየር አክስለሬተር በ1956 የመጀመሪያውን ታካሚ አስተናገደ፤ ታካሚውም የዐይን ካንሰር የነበረበት ሕፃን ነበር። መሣሪያው ከቀድሞው ራጅ በላቀ ኃይል ቆዳን ሳያቃጥል ወደ ሰውነት ጠልቆ የሚገባ ጨረር ያመነጭ ነበር። ካፕላንና የሥራ ባልደረባው ሶል ሮዘንበርግ ከ1962 ጀምሮ ሕሙማንን በዕጣ እየመደቡ ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ ሰፊ የሰውነት ክፍል እስከ 40 ግሬይ እና ከዚያ በላይ በሆነ መጠን ቢታከም በሽታው እንደማይመለስ አሳዩ። በዚያ ዘመን ለነበረ ወላጅ ይህ ከተአምር የሚቆጠር ነበር። ልጁ ሊሞት ነበር፤ አሁን ግን ወደ ትምህርት ቤት ተመልሷል።

ይሁን እንጂ ለአዋቂ የተሰፋ ልብስ ለልጅ አይሆንም። ገና በማደግ ላይ ያለ አጥንት ይህን ያህል ጨረር ሲያገኝ እድገቱ ይገታል። የታከሙት ልጆች ደረታቸው ጠበበ፣ አንገታቸው ቀጠነ፣ ቁመታቸው አጠረ፤ የብዙዎቹም የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ተዳከመ። ሐኪሞቹ ይህን አላዩም ማለት አይቻልም። በሚዛኑ አንደኛ ወገን ሞት ሲቀመጥ፣ የጠበበ ደረት በሌላው ወገን ክብደት አልነበረውም።

ከመርዝ ጋዝ ወደ መድኃኒት

ሁለተኛው መንገድ የጀመረው በጦር ሜዳ ነው። ኢትዮጵያውያን ኢፕሪት ወይም የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን መርዝ ከ1935 እስከ 1936 በተካሄደው የፋሺስት ወረራ በሰሜንም በደቡብም ግንባር ከሰማይ ሲዘንብባቸው አውቀውታል። የዚህ መርዝ የቅርብ ዘመድ የሆነው ናይትሮጅን መስተርድ ንፍፊትንና መቅኔን እንደሚያመነምን የተገነዘቡት የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን፣ በ1942 ሊምፎማው ለጨረር አልበገር ላለው አንድ በሽተኛ በደም ሥሩ ሰጡት። ዕጢው በቀናት ውስጥ ሟሸሸ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ተመለሰ፤ ሰውየውም ሞተ። ጥናቱ በጦርነቱ ምክንያት በምስጢር ተይዞ እስከ 1946 አልታተመም።

ለብዙ ዓመታት መድኃኒት ጊዜ መግዣ እንጂ ማዳኛ ተደርጎ አልታየም። ይህን እምነት የሰበረው በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የቪንሰንት ዴቪታ ቡድን በ1964 የጀመረው ሙከራ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። እያንዳንዳቸው ካንሰሩን በተለያየ መንገድ የሚያጠቁ፣ ጉዳታቸውም በተለያየ የሰውነት ክፍል ላይ የሚያርፍ አራት መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠት። እነዚህም ናይትሮጅን መስተርድ፣ ከማዳጋስካር አበባ የሚቀመመው ቪንክሪስቲን፣ ፕሮካርባዚንና ፕሬድኒሶን ናቸው። ሕመምተኛው ለሁለት ሳምንት ይወስዳል፣ ለሁለት ሳምንት ያርፋል፤ ይህም ቢያንስ ስድስት ጊዜ ይደጋገማል። ሞፕ በሚል ምሕጻር የታወቀው ይህ ቅንብር በ1970 ውጤቱ ሲታተም፣ በሽታቸው ከተሠራጨ 43 ሕሙማን የ35ቱ የበሽታ ምልክት ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር።

ሆኖም በበለጸጉት አገሮች ሁለቱ ሕክምናዎች ግዛት ተከፋፈሉ። በሽታው በአንድ አካባቢ የተወሰነ ከሆነ የጨረር፣ ከተሠራጨ የኬሞ፣ በመካከል ያለው ደግሞ የሁለቱም ሆነ። በጊዜ ለተደረሰበት ልጅ መድኃኒት ብቻውን ይበቃው ይሆን የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር ጨረርን መከልከል ያስፈልጋል። መሣሪያው በአጠገቡ የቆመ፣ ውጤቱም በእጁ ያለ ሐኪም ይህን ለማድረግ ሕሊናው አይፈቅድለትም። ጥያቄው ሊጠየቅ የሚችለው መሣሪያው በሌለበት ቦታ ነበር።

መሣሪያ ያልነበረባት ካምፓላ

ካምፓላ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በሌላ ሊምፎማ በኩል ነው። አየርላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት በ1957 በሙላጎ ሆስፒታል መንጋጋው በአራቱም ማዕዘን ያበጠበትን ልጅ እንዲያይ ተጠራ። በሌላ ስፍራ ተመሳሳይ ልጅ ሲያጋጥመው ነገሩ አጋጣሚ እንዳልሆነ ጠረጠረ፤ በ1958ም ስለ በሽታው ጻፈ። በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ ፎርድ መኪና ለዐሥር ሳምንታት 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በየመንገዱ ያሉ ሆስፒታሎችን እየጠየቀ የበሽታውን ካርታ ሠራ። ቀዶ ሕክምና ለዚህ በሽታ እምብዛም አልጠቀመም፤ ጨረር አልነበረም። በርኪት ከውጭ ባገኛቸው ሜቶትሬክሴትንና ሳይክሎፎስፋማይድን በመሰሉ መድኃኒቶች ልጆቹን ማከም ጀመረ፤ አንዳንዶቹም በጥቂት ዙር ሕክምና ብቻ ዳኑ። «ችግር በቅቤ ያስበላል» እንዲሉ፣ ሌላ አማራጭ ማጣት ያስገባው መንገድ ወደ ፈውስ አደረሰ።

በ1967 የአሜሪካው ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከማከሬሬ ዩኒቨርሲቲና ከሙላጎ ጋር በመተባበር በካምፓላ የሊምፎማ ሕክምና ማዕከል አቋቋመ፤ በኋላ የኡጋንዳ የካንሰር ኢንስቲትዩት የሆነው ይህ ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ አሜሪካዊው ጆን ዚግለር ነበር። ቡድኑ በርኪት ሊምፎማን ብቻ ሳይሆን ሆጅኪንንም በሞፕ ያክም ጀመር። በ1972 በአሜሪካ የሕክምና ምርምር ዓለም ከፍተኛ ክብር ያለው የላስከር ሽልማት ለኬሞቴራፒ ፈር ቀዳጆች ሲሰጥ፣ የዴቪታ ስም ከበርኪት፣ ከዚግለርና ከካሜሩናዊው ሐኪም አኖማ ንጉ ስም ጋር በአንድ ዝርዝር ላይ ሰፈረ።

በዚያው ዓመት ግን የኢዲ አሚን አገዛዝ በበረታባት ኡጋንዳ የውጭ ሐኪሞች መውጣት ጀመሩ። ኡጋንዳዊው ቻርልስ ኦልዌኒ ኃላፊነቱን ተረክቦ ሥራውን አስቀጠለ። በ1978 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጽሑፍ በኡጋንዳ ሆጅኪን የነበረባቸውን ልጆች የዐሥር ዓመት ሕክምና የሚዘግብ ነው። ልጆቹ የታከሙት በመድኃኒት ብቻ ነበር፤ ከሦስቱ ሁለት ያህሉም ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። በሽታቸው ብዙ ሳይዛመት የመጡት ውጤት ከዚህም የተሻለ ነበር። ይህ በአሜሪካ ከሚገኘው ውጤት ያነሰ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ልጆች ዘግይተው የመጡ፣ ተመጣጣኝ ምግብ ያላገኙ፣ አገራቸውም በቀውስ ውስጥ ያለች መሆኗን ለሚያስታውስ ትልቅ ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ጽሑፉ አንድ ጥያቄ መለሰ፤ ያለ ጨረርም መዳን ይቻላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እጦት በራሱ ዕውቀት አይወልድም። በዚያ ዘመን ጨረር ያልነበራቸው አገሮች ብዙ ነበሩ፤ የአብዛኞቹ ልጆች ታሪክ ግን ሳይመዘገብ ቀርቷል። ካምፓላን የለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። መድኃኒቱ በየዙሩ ይደርስ ነበር፤ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይቶ የበሽታውን ዓይነት የሚለይ ፓቶሎጂስት ነበር፤ ከሁሉም በላይ ከሆስፒታል የወጡትን ልጆች እስከ መንደራቸው ድረስ ሄደው የሚከታተሉ ሠራተኞች ነበሩ። መሣሪያ ባይኖርም መዝገብ ነበር።

ዘግይቶ የመጣው ሒሳብ

የካንሰር ሕክምና ውጤት ከጥንት ጀምሮ የሚለካው ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ባሉት ሕሙማን ቁጥር ነው። ለሥልሳ ዓመት አዛውንት አምስት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው፤ ለአሥር ዓመት ልጅ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መግቢያ ነው። ከሒሳብ ባለሙያ አንጻር ሲታይ፣ ገቢው በመጀመሪያው ዓመት የሚመዘገብበት፣ ወጪው ግን መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ ንግድ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ሁልጊዜ ትርፍ ያሳያል።

ወጪው መምጣቱ አልቀረም። ከበርካታ ሆስፒታሎች የተውጣጡ ተመራማሪዎች በልጅነታቸው ለሆጅኪን የታከሙ 1,380 ሰዎችን ተከታትለው ውጤቱን በ1996 አሳተሙ። ሰማንያ ስምንቱ ሁለተኛ ካንሰር ይዟቸው ነበር። በተለይ ደረታቸው ላይ ጨረር ያረፈባቸው ሴቶች በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 75 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ በዐርባ ዓመታቸው 35 ከመቶ የሚሆኑት በጡት ካንሰር ሊያዙ እንደሚችሉም ተገመተ። ከፍተኛው አደጋ የደረሰው ጡታቸው በማደግ ላይ በነበረበት የዕድሜ ክልል በታከሙት ልጃገረዶች ላይ ነው። የኋላ ክትትል ይህን ግምት ዝቅ ቢያደርገውም ድምዳሜውን አላፈረሰውም። በጨረር ምክንያት የሚመጣ ዕጢ ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በፊት እምብዛም ራሱን አያሳይም፤ የአምስት ዓመቱ መለኪያ ሊያየው የማይችለውም ለዚህ ነው። ልብና የልብ ደም ሥሮችም በተመሳሳይ ሁኔታ ዘግይተው ተጎዱ።

ይህ ማለት ግን ኬሞቴራፒ ንጹሕ ሆኖ ወጣ ማለት አይደለም። ሞፕን በሙሉ መጠን የወሰዱ ወንዶች ልጆች አብዛኞቹ አድገው መውለድ አልቻሉም፤ ጥፋቱ የናይትሮጅን መስተርድና የፕሮካርባዚን ነው። ጥቂቶቹ ደግሞ በመድኃኒቱ ሰበብ የደም ካንሰር ያዛቸው። በ1970ዎቹ ጣሊያናዊው ጃኒ ቦናዶና በሚላኖ ያስተዋወቀው ሌላ ቅንብር ይህን አደጋ ቢቀንስም፣ በውስጡ ያለው ዶክሶሩቢሲን ልብን፣ ብሊዮማይሲን ደግሞ ሳንባን የሚጎዳ ሆነ። በካምፓላ የዳኑት ልጆችም ከዚህ ሒሳብ ነጻ አልነበሩም። ልዩነቱ የአሜሪካና የአውሮፓ ልጆች ወጪ ሲመጣ የሚቆጥር ሰው መኖሩ ነው።

ስለዚህ «ጨረር ወይስ ኬሞ?» የሚለው ጥያቄ ቀስ በቀስ መልኩን ቀየረ። አዲሱ ጥያቄ «ይህ ልጅ እንዲድን ከሁለቱም ቢያንስ ምን ያህል ይበቃዋል?» የሚል ሆነ።

መቀነስም ዋጋ አለው

የመጀመሪያው እርምጃ ከራሱ ከስታንፎርድ መጣ። ሣራ ዶናልድሰን የተባለችው የጨረር ሐኪምና ባልደረቦቿ ለልጆች ሞፕን ከ15 እስከ 25 ግሬይ በሚደርስ ዝቅተኛ ጨረር አቀናጅተው መጠኑን በልጁ የአጥንት ዕድገት ወሰኑ። ውጤቱ በከፍተኛ ጨረር ከሚገኘው አላነሰም፤ አጥንቱም አደገ።

በጀርመን የጉንተር ሼሎንግ ቡድን ከ1978 ጀምሮ በተከታታይ ባካሄዳቸው ጥናቶች በየዙሩ አንድ ነገር ለመቀነስ ሞከረ። የዚህ ቡድን ታሪክ የሚያስተምረው በስኬቱ ብቻ ሳይሆን በስሕተቱም ነው። ቡድኑ በ1985 የወንዶች ልጆችን የመውለድ ዕድል ለማትረፍ ፕሮካርባዚንን ያለ ምትክ አስወጣ። ዓላማው በጎ ነበር፤ ሆኖም በሽታቸው የተዛመተ ልጆች ውጤት አሽቆለቆለ። በ1990 በተጀመረው ቀጣይ ጥናት በቦታው ኢቶፖሳይድ የተባለ መድኃኒት ሲተካ ውጤቱ ተመለሰ። ጉዳቱ የታየው በጥቂት ዓመታት፣ እርማቱም የመጣው በጥቂት ዓመታት ነው፤ ያንን ያስቻለው አገር አቀፍ ምዝገባው ነበር።

ጨረርን ፈጽሞ የማስወጣት ፈተናም ተመሳሳይ ሚዛን አሳየ። ከ1995 ጀምሮ በአሜሪካ በተካሄደ ጥናት በኬሞ የበሽታቸው ምልክት የጠፋላቸው 501 ልጆችና ወጣቶች ከፊሎቹ ጨረር እንዲያገኙ፣ ከፊሎቹ እንዳያገኙ በዕጣ ተመደቡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጨረር ካገኙት 92 ከመቶ፣ ካላገኙት 87 ከመቶ በሽታው ሳያገረሽባቸው ቆይተዋል። በዚህ ልዩነት ምክንያት ምደባው ከታቀደለት ጊዜ በፊት ተቋረጠ። በሕይወት የቆዩት ቁጥር ሲታይ ግን 98 እና 99 ከመቶ፣ ማለትም አንድ ያህል ነው፤ ያገረሸባቸው ልጆች በሁለተኛ ሕክምና ድነዋልና።

የምርጫውን ባሕርይ እነዚህ አራት ቁጥሮች ጠቅልለው ይዘውታል። ሁሉም ልጆች ጨረር ቢያገኙ ከመቶው ለአምስቱ ያህል ማገርሸት ይቀራል፤ ጨረሩ ሳያስፈልጋቸው የተቀበሉት ሌሎቹ ግን ወደፊት ለሚመጣ ካንሰር ይጋለጣሉ። ጨረሩ ከቀረ ብዙዎቹ ከዚህ ያመልጣሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ የማገርሸትን ሥቃይና የከበደ ሁለተኛ ሕክምናን ይሸከማሉ። ይህ በሕክምና ሳይንስ ብቻ የሚፈታ ጥያቄ አይደለም፤ የዛሬን ሥጋት ከነገ ሥጋት፣ የጥቂቶችን ሸክም ከብዙዎች ሸክም ጋር የሚያመዛዝን ጥያቄ ነው። ሚዛኑም አገርን ይጠይቃል፤ ያገረሸበት ልጅ የሚድነው ውድ የሆነው ሁለተኛ ሕክምና በአጠገቡ ካለ ብቻ ነውና።

በኋላ የመጡት ጥናቶች ፍርዱን ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ መስጠት ጀመሩ። ከ2007 እስከ 2013 ከ2,000 በላይ ልጆችን ያቀፈው የአውሮፓውያን ጥናት ሁለት ዙር ኬሞ ከተሰጠ በኋላ በፔት ስካን እየመረመረ፣ በሽታው በሚገባ ለቀነሰላቸው ጨረሩን ሰረዘላቸው፤ ከዐሥሩ ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት ካንሰሩ ሳያገረሽባቸው አምስት ዓመት ቆይተዋል። በ2024 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያነቃ ኒቮሉማብ የተባለ መድኃኒት ከኬሞ ጋር ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሕሙማን ሲሰጥ፣ ጨረር ያስፈለጋቸው ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞሉ አሳየ። ጉዞው ክብ ሠርቶ ካምፓላ አጠገብ ደረሰ ሊባል ይችላል፤ ካምፓላ ግን በርካሽ መድኃኒት የደረሰችበትን ቦታ የዛሬው ሕክምና የሚደርስበት ከአብዛኛው አገር የጤና በጀት አቅም በላይ በሆነ መድኃኒት ነው።

የመዝገቡ ርዝመት

ኡጋንዳ የመጀመሪያውን የኮባልት መሣሪያ በሙላጎ የተከለችው በ1995 ነው። መሣሪያው በ2016 ተበላሽቶ አገሪቱን ለረጅም ጊዜ ያለ ጨረር ሕክምና ሲያስቀር ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በኢትዮጵያም ለሁለት አስርት ዓመታት ያህል ከመቶ ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ተራ ለመጠበቅ ወራት የሚያልፉበት ጊዜም ነበር። ይህን የሚያይ ሰው የመጀመሪያ ምላሹ «መሣሪያ ይገዛ» ቢሆን ትክክል ነው። የማሕፀን በር ካንሰርን የመሰሉ በሽታዎች ብዙ ጊዜ ያለ ጨረር የሚታከሙ አይደሉም።

ሆጅኪን ያለበትን ልጅ በተመለከተ ግን ታሪኩ የሚመክረው ሌላ ቅደም ተከተል ነው። ይህን ልጅ መጀመሪያ የሚያድነው የመድኃኒቱ ዙር አለመቋረጡ ነው። ሁለተኛው ናሙናው በትክክል መነበቡ ነው። ሦስተኛው ቤተሰቡ በትራንስፖርትና በማረፊያ ወጪ ተስፋ ቆርጦ ሕክምናውን በመሐል አለመተዉ ነው። አራተኛው የዳነው ልጅ ከዐሥር፣ ከሃያ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የት እንዳለ የሚያውቅ መዝገብ ነው። ከእነዚህ አንዱም ሪባን ተቆርጦ የሚመረቅ አይደለም፤ ከውጭ የሚሰበሰብ እርዳታም ብዙ ጊዜ የሚሳበው ወደሚመረቀው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባስጀመረው ዕቅድ እስከ 2030 በካንሰር ከተያዙ ልጆች ቢያንስ 60 ከመቶ እንዲድኑ ግብ ሲያስቀምጥ፣ ቅድሚያ ከሰጣቸው ስድስት የካንሰር ዓይነቶች ሁለቱ በርኪትና ሆጅኪን ናቸው። በአዲስ አበባ ከ2011 ጀምሮ በነዋሪው ሕዝብ ላይ የተመሠረተ የካንሰር መዝገብ አለ። መሠረቱ ተጥሏል ማለት ነው፤ የቀረው ልጆቹ አድገው ወላጅ እስኪሆኑ ድረስ የሚከተል መዝገብ ነው።

ጉዳዩ በውጭ አገር የሚኖሩትንም በቀጥታ ይነካል። በልጅነታቸው ደረታቸው ላይ ጨረር ያረፈባቸው ሴቶች የጡት ምርመራን እንደ ሌሎች ሴቶች እስከ ዐርባ ዓመት እንዳይጠብቁ የአሜሪካ የሕፃናት ካንሰር ሐኪሞች መመሪያ ያዝዛል፤ ምርመራው በ25 ዓመት ዕድሜ ወይም ከጨረሩ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ከሁለቱ ዘግይቶ በሚመጣው ጊዜ ይጀመራል። መመሪያው የሚሠራው ግን ሐኪሙ ታሪኩን ሲያውቅ ነው። ሰው ይሰደዳል፤ የሕክምና ፋይሉ ግን አብሮት አይሰደድም። በአንድ አገር ታክማ በሌላ አገር ያደገች፣ በሦስተኛ አገር የምትሠራ ሴት ለአዲሱ ሐኪሟ «ልጅ ሳለሁ ታምሜ ድኛለሁ» ከማለት ያለፈ ነገር በእጇ ላይኖር ይችላል። የትኛው መድኃኒት በምን ያህል መጠን እንደተሰጣት፣ ጨረሩ የት ላይ እንዳረፈ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ለእርሷ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል።

ቬራ ፒተርስ የሞቱትንና የቆሙትን ስትቆጥር ሆጅኪን የሚድን በሽታ ሆነ። የኦልዌኒ ቡድን በችግር መካከል የልጆቹን ዕጣ ሲመዘግብ ጨረር የግድ አለመሆኑ ታወቀ። የ1996ቱ ተመራማሪዎች ሌሎች ያቆሙትን ቆጠራ ሲቀጥሉ የመዳን ሙሉ ዋጋ ተገለጠ። የጀርመኖቹ መዝገብ ደግሞ ስሕተትን በጊዜ አሳየ። መሣሪያዎቹ አርጅተዋል፤ መድኃኒቶቹም ተተክተዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በጅማ ወይም በጎንደር ከሊምፎማ የዳነ የአሥር ዓመት ልጅ በ2050ዎቹ ልቡን ወይም ሌላ አካሉን ሲያመው፣ ሕመሙ ከምን እንደመጣ የሚነገረው ስሙ በአንድ መዝገብ ላይ ተጽፎ ከቆየ ብቻ ነው።